የእህቴን ፊት ስለያዘው የሙከራ ሕትመት

ለፖስታና ቴምብር ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 19

ጉዳዩ፦ ከትርኢት ላይ የተወሰደብኝ የገና ቴምብር የሙከራ ሕትመት ማኅተም ሳይመታበት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የኖርኩ፣ አሁን ግን ዓይኔ ደክሞ ክር በመርፌ ማሾለክ ስላቃተኝ ሥራውን የተውኩ ሴት ነኝ። የቆዩ የገና ቴምብሮችንና የሙከራ ሕትመቶቻቸውን እሰበስባለሁ። ሰፈሩ «እማማ ብጣሽ» ይለኛል። አልቀየምም፤ የወደቀ ፖስታ ሳይ ሳላገላብጥ እንደማላልፍ ስለሚያውቁ ነው። የማመለክተው እንደሚከተለው ነው።

1. የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበራችን በፖስታ ቤቱ አዳራሽ ባዘጋጀው ትርኢት ላይ ስብስቤን ዘርግቼ ሳለሁ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ መጥተው አንዱን ወረቀት አነሱት። ጠርዙ እንደ ቴምብር አልተበሳም፤ ጀርባው ሙጫ የለውም፤ ቀለሙም ጥቁር ብቻ ነው። ያላለቀ ሐሰተኛ ቴምብር ነው ብለው አሽገው ወሰዱት። ሰውየው አላመናጨቁኝም፤ እንዲያውም ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ ውኃ አስመጥተውልኛል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር።

2. የገና ቴምብር የመላኪያ ቴምብር አይደለም። የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታሉ ለድሆች ሕክምና መርጃ በየዓመቱ ያሳትመው ነበር፤ ሰውም ገዝቶ ለገና በሚልከው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ይለጥፈዋል። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቀለሞቹን ለየብቻ በወረቀት ይሞክራል፤ ቢጫውን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ፣ የሥዕሉን መስመር የሚይዘውን ጥቁር ለብቻ። ሙከራ ስለሆነ ጠርዙ አይበሳም፣ ሙጫም አይቀባም። የተወሰደብኝ የጥቁሩ ሙከራ ነው። በዚህ ወረቀት ደብዳቤ ልላክ የሚል አጭበርባሪ ቢገኝ የሚያሳዝነው እሱ ራሱ ነው።

3. ነገሩ የወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክቡርነትዎን ባላደከምኩ። በወረቀቱ ላይ ደወል ይዛ የተቀመጠችው ልጅ ታላቅ እህቴ ናት። «እትዬ» ማለት እንኳ በቅጡ ሳልችል ነው ያጣኋት። ሳንባዋን ታማ ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝታ ሳለች የዓመቱን ቴምብር የሚሥለው ሠዓሊ መጣና መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ ሣላት። እናቴ እንዳጫወተችኝ፣ ዝም በይ ባላት ቁጥር ደወሉን እያቃጨለች አስቸግራው፣ ኮስታራዋ ነርስ ሳትቀር ስቃለች። ሥዕሏ ታትሞ ሳታየው ሞተች። እኛ ቤት ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እናቴም በቴምብሩ ላይ አያታለሁ ብላ ነበር ተስፋ ያደረገችው።

ቴምብሩ ሲወጣ ግን ጉንጯ የሞላ፣ የማናውቃት ልጅ ሆና መጣች። ለካስ የሆስፒታሉ ሹማምንት የመጀመሪያውን ሙከራ አይተው የከሳ ፊት ገዢ ያሸሻል ብለው ፊቷን አስቀይረውት ኖሯል። እጆቿንና ደወሉን አልነኳቸውም። እናቴ ቴምብሩን ካገኘችው ደብዳቤ ሁሉ ላይ በውኃ እያላቀቀች ታስቀምጥ ነበር። ስታየው ፊቱን በአውራ ጣቷ ትሸፍንና «እጇ የራሷ ነው፤ ይኼን እንኳ ተዉልኝ» ትላለች። መሰብሰቡን የወረስኩት ከእሷ ነው።

4. ለማተሚያ ቤቱ ቀለም የሚቀምሙት ሰውዬ ከሞቱ በኋላ ባለቤታቸው መጋረጃ ልታሰፋ ቤቷ ጠራችኝ። ሻይ አቅርባልኝ፣ ማንኪያ ከመሳቢያው ውሰጂ አለችኝ። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የተጣለ የሙከራ ወረቀት ወደ ቤት እየወሰዱ መሳቢያ ያለብሱበት እንደነበር አላውቅም ነበር። መሳቢያውን ስስበው ማንኪያዎቹ ተንሸራተቱ፣ ከሥራቸውም ደወሉ ታየኝ። እጆቹን ወዲያው አወቅኋቸው። ከእጆቹ በላይ ያለውን ፊት ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ አንገቷ ቀጥኗል፣ አፏ ግን ሳቅ ሊያመልጠው ነው፤ ቁርጥ የእናቴ አፍ። እዚያው ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴትየዋም አብራኝ አለቀሰችና «ውሰጃት፤ ለማንኪያ ሌላ ወረቀት አይጠፋም» አለችኝ። እናቴ ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

5. ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰኝ ደብዳቤ ወረቀቱ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት እንደሚመለስልኝ ተገልጾልኛል። ለመመለሱ አመሰግናለሁ። ሆኖም በዚሁ አሠራር የተመለሰለትን አንድ የማኅበራችንን አባል ወረቀት አይቻለሁ። ማኅተሙ የሚያርፈው መሃል ለመሃል ነው፤ ቀለሙም ወፍራም ነው፣ ይፈሳል። የእኔ ወረቀት መሃሉ የእትዬ ፊት ነው። ይህ ፊት አንድ ጊዜ ጠፍቶብን እናቴ ሳታየው ሞታለች። ሁለተኛ ሲጠፋ ለማየት እኔ አቅም የለኝም።

ስለዚህ ወረቀቱ የሙከራ ሕትመት እንጂ ሐሰተኛ ቴምብር አለመሆኑ ተጣርቶ፣ ማኅተም ሳይመታበት እንዲመለስልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የቀለም ቀማሚው ባለቤት ቀርባ ለመመስከር ፈቃደኛ ናት። እኔም አልሸጠውም፣ አልለውጠውም ብዬ እፈርማለሁ።

ደንቡ የግድ ነው ከተባለ በጀርባው ይመታልኝ። ጀርባውም አይሆንም ከተባለ፣ የሚመታው ሠራተኛ ዝቅ አድርጎ እጆቿ ላይ እንዲመታው ይታዘዝልኝ። እጆቿስ በቀሩት ቴምብሮች ሁሉ ላይ አሉኝ።

መልስዎን በተስፋ ከምትጠብቅ አመልካች፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ደወል የያዘችው ልጅ ታናሽ እህት