እጀታው ብረት የሆነው ቢላ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? አክስቴ "ይበላል፣ ይተኛል፣ ወሬ ግን የለውም" አለችኝ። በስልክ የማልደፍረውን ነገር ልጽፍልህ ነው። አፌ ለስድብ እንጂ ለይቅርታ ፈጣን እንዳልሆነ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የልብስ ሱቁን ሥራ ትቼ መክተፊያው ግንድ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ሥጋ ቤቱን መዝጋት ሞት መስሎ ታየኝ። መጀመሪያ ደንበኞቹ ሳቁብኝ። ጡረተኛው መምህር "አንቺ ልጅ፣ አጥንቱን እየቆረጥሽው ነው ወይስ እየለመንሽው?" አለኝ። አሁን ተሰልፈው ይጠብቁኛል። እንዳትሰጋ፣ ጣቶቼ አሥሩም አሉ።

የምከትፈው በዚያ በትልቁ ቢላ ነው፤ በመጀመሪያ ደሞዜ በገዛሁልህ፣ ከስለቱ እስከ እጀታው አንድ ወጥ ብረት በሆነው። "ይሄማ እኔንም ወጣት ያደርገኛል" ብለህ፣ እጀታው እንጨት የነበረውን አሮጌውን ቢላህን በዚያው ቀን መሳቢያ ውስጥ ከተትከው። እኔም "አባቴን ከአሮጌ ብረት ገላገልኩት" እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። አጥንት በመታሁ ቁጥር ንዝረቱ በመዳፌ ገብቶ እስከ ክርኔ ይወጣል። አንድ ጠዋት ለመምህሩ ውሃ ሳቀብል ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። "አይዞሽ፣ ብርጭቆ ነው" አለኝ። እኔ ግን ስብርባሪውን ስለቅም አንተ ትዝ አልከኝ።

አባዬ፣ ያልኩህን ልድገመው፤ ካልደገምኩት ይቅርታዬ ለምን እንደሆነ አይታወቅም። ከቤት በወጣህበት ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ሥጋ ቤቱ ጎራ ስል አንተም እንዲሁ ብርጭቆ ጥለህ ነበር። እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ አልኮልም ይሸታል። ቤቱ በደንበኛ እንደተሞላ "በጠዋቱ ጠጥተህ ነው የመጣኸው! ሽታው ራሱ ይናገራል!" ብዬ ጮህኩብህ። አንተ ሽርጥህን ፈታህ፣ አጥፈህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና "ትንሽ ልረፍ" ብለህ ወጣህ። በማግስቱ አክስቴ ቤት ገብተሃል ተባለ። ይኸው አራት ወር ሞላህ።

የእኔ ብርጭቆ በተሰበረ ማግስት ቢላውን ይዤ ወደሚሞርድልን ብረት ሠሪ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር እጄን እየበላው ነው" አልኩት። ገና ሳይነካው አወቀው።

"ዛሬ ነው እንዴ የሚበላው? እጀታው ብረት፣ ሁለመናው ብረት፤ ምቱን የሚውጥለት ምን አለው? የአባትሽንም እጅ በልቶታል። ሦስት ጊዜ አምጥቶልኛል። እጀታውን ቆርጬ እንጨት ላልብሰው ስለው 'ልጄ የገዛችልኝ ነው፣ እንዳለ ይሁን' ይላል። ስለቱን ብቻ ሞርጄለት ይዞት ይሄዳል።"

"ይጠጣ ነበር?" አልኩት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁ።

"ማን፣ እሱ? አልኮሉንማ ከፋርማሲ ይገዛና እዚሁ በሬ ላይ ተቀምጦ የእጁን አንጓ ያሽበት ነበር። እኔን እንኳ አላቀመሰኝም!" ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ሰውዬው ደንግጦ የራሱን ወንበር ሰጠኝ።

እጀታውን እንዲቆርጠው ነገርኩት። የቀረውን ብረት በእንጨት አለበሰው፤ መዳፍ የሚሞላ ወፍራም አድርጎ ከላዩ ቆዳ ጠመጠመበት። ግንዱም ባዶ ሲሚንቶ ላይ እንዳይቆም ከሥሩ ጎማ አነጥፌያለሁ። ብረት ሠሪው ደግሞ "ምን አንገቱን ታንቂዋለሽ? ላላ አድርገሽ ያዢው፣ ክብደቱ ራሱ ይሥራ። በጫፉም አትምቺ፣ በሆዱ ነው" እያለ እንደ ሕፃን አስተማረኝ። አሁን ንዝረቱ ከመዳፌ አያልፍም፣ ድንዛዜውም እየለቀቀኝ ነው። አንተ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ነው የቻልከው። እባክህ እጅህን ሐኪም ይየው።

ባለፈው ቅዳሜ ቤቱ ጢም ሲል ሥራ አቁሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። በሰው ፊት ያዋረድኩህን በሰው ፊት መመለስ ነበረብኝ። እንደምንም ጨረስኩ። መምህሩ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዲት ሴትዮ "እኛማ መች አመንንሽና ልጄ" አለችኝ። ለካ ያመንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ልጅህ።

እኔም በአንድ ነገር ተቀይሜሃለሁ። እኔ እንዳይከፋኝ ብለህ እጅህን አስበላህ። "አመመኝ" ብትለኝ ቢላውን የትም እወረውረው ነበር። አሁንም አውቅሃለሁ፤ ይህን አንብበህ "ምንም አይደል" ብለህ ልታልፈው ነው። እንዳታደርገው። ስትመጣም ሆነ ስትደውል መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ የልብህን ሁሉ ተናገረኝ። ዝም ብለህ ይቅር እንዳትለኝ።

ቁጣህን የምትጠብቅ
ልጅህ