ሳይበርድ የተከፈተ መጋጠሚያ

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ደረጃ መውጣት እያስቸገረህ መሆኑን ልጅህ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ለቅርብ ነገር መነጽር ይለምናል፤ ጆሮዬ ግን አልከዳኝም፤ በእኔ ሙያ ደግሞ ዋናው ጆሮ ነው። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ከዚህ በላይ ስለ ጤና ማውራት የሥራ ፈት ወግ ይሆናልና እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳትጽፍልኝ ዛሬ ምን ነካት እንደምትል አውቃለሁ። የምጽፍልህ ስለ ልጃችን ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካው መርማሪ ኮሚቴ የጥያቄ ደብዳቤ እንደላከልህ ሰምቻለሁ። ኮሚቴው የጻፈልህ ግን የነገሩን ግማሽ ነው። ቀሪውን ግማሽ ሳትሰማ መልስ እንዳትሰጥ ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ከመነሻው እጀምራለሁ፤ አስተማሪዎቼ ነገርን ከመሀል የጀመረን ልጅ በማስመሪያ ጣቱን ነበር የሚሉት።

ረጅሙን የጎማ ቺንጋ መቼም አትረሳውም፤ ከካባው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ወደ ወፍጮው የሚወጣውን። በእኛ ጊዜ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ኖሮ አያውቅም። ዛሬ እዚያ ላይ ያለው አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ሦስቱ የእኔ ናቸው፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጠበቅሁት፤ ስምንቱ የልጅህ ናቸው። ይህ ጉራ ይመስላል። ይምሰል፤ የተሠራ ነገር ሲነገር ጉራ መምሰሉ አይቀርም።

ሰው ቺንጋን የሚገድለው የሥራ ብዛት ይመስለዋል። ሐሰት ነው። ቺንጋን የሚገድለው ቸልታ ነው። ከሥሩ ከሚሽከረከሩት ሮለሮች አንዱ፣ ውስጡ ያለው መዞሪያ ኩሽኔታው ደርቆ ሲቆም ማንም ልብ አይለውም፤ ጎማው በላዩ እየተንሸራተተ ብረቱን ይሞርደዋል፤ በወሩ ያ ሮለር ቢላዋ ይሆናል። ቺንጋው ወደ ጎን ሲያጋድል ሁሉም እየሮጠ የሚያስተካክለው ጠርዙ የሚፋተግበትን ቦታ ነው፤ በሽታው ግን ያለው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ሲንሸራተት ደግሞ «ወጥሩት» ይላሉ። ቺንጋውን ከሚያዞረው ከበሮ ላይ ጭቃውን የሚጠርገው የለም፤ መወጠር ብቻ። እኔ በየማለዳው የዱላዬን አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮዬ ሥር አድርጌ ከታች እስከ ላይ እሄድ ነበር። ያጉረመረመውን ሮለር በጠመኔ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ከሰዓት በፊት ይለወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ልጅህ ይህን ሁሉ ከእኔ ተማረች። ከዚያም ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው መጣችብኝ። ሮለሮቹን ሁሉ ቁጥር ሰጥታ የትኛው መቼ እንደተለወጠ መጻፍ ጀመረች። በዓመቱ፣ «እማዬ፣ አንቺ የሞተውን ትቀብሪያለሽ እንጂ የገዳዩን ስም አትጠይቂም» አለችኝ። ተቆጣሁ። ከዚያ ወረቀቷን አሳየችኝ፤ ቶሎ ቶሎ የሚሞቱት አንድ ቦታ ላይ ያሉት ናቸው፤ እሱም ጽዳቶቹ በውኃ ቱቦ የሚያጥቡት ቦታ ነው። ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ እየገባ የግራስ ቅባቱን ያጥበዋል። ሃያ ዓመት በዚያ ቦታ ሳልፍ ጫማዬ ሲረጥብ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ተሳስቻለሁ አልኳት። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ስትሰማ ልጅህ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የዛሬ አምስት ሳምንት ከጫኚው መኪና አካፋ የተነቀለ የብረት ጥርስ ከድንጋዩ ጋር ወርዶ ቺንጋውን አቋርጦ ሰነጠቀው። ማለዳ አንድ ሰዓት ነው። ልጅህና ሠራተኞቿ የተጎዳውን ቆርጠው ጣሉ፤ ጫፎቹን በንብርብር ላጡ፣ ሞረዱ፣ ሙጫ ቀቡ፣ ጥሬ ጎማ አለበሱ፣ መጋጠሚያውን በሙቀት የሚያበስለው መጭመቂያ ውስጥ አስገቡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማብሰሉ አለቀ። የቀረው እንደታሰረ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ ሁለት ሰዓት።

በዚህ መሀል ሠራተኛው «አቶ ቶሎ» የሚለው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የሆነውን የነገረኝ እሑድ እሑድ የሚጠይቀኝ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ነው፤ ልጅህማ ስለ ራሷ አታወራም።

ሰውዬው፣ «ሙቀቱ ሰዓቱን ጨርሷል አሉኝ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላታል።

«እስኪበርድ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለሽ ጎማ ሲበርድ ልታዪ?»

«መቀመጤ ቅር ካሰኘዎት ቆሜ አያለሁ» ትለዋለች፤ ተነሥታም ቆመች።

«ወፍጮው ባዶውን ነው። እቶኑ ይቀዘቅዛል እኮ።»

«እቶን ቢቀዘቅዝ መልሰው ያሞቁታል። ይህ በትኩሱ ከተከፈተ ግን ውስጡ አየር ይቋጥራል፣ ንብርብሩ ይላቀቃል። ዛሬ ደህና መስሎ ይውላል፤ በሳምንቱ ዳገቱ መሀል ይበጠሳል። ከሥሩ የሚጠርጉ ሰዎች አሉኝ።»

ሠራተኞቹን፣ «ፍቱት» አላቸው። አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ሌላው የታሰረ ጫማውን ፈትቶ እንደገና አሰረ። ሰውዬው ቢቸግረው ቺንጋውን እንዳይነሣ የሚይዘው የልጅህ ጓጉንቸር ቁልፍ ከማብሪያው ላይ ይቆረጥ አለ። በእኛ ዘንድ ቺንጋ ላይ የሚሠራ ሁሉ የራሱን ቁልፍ ማብሪያው ላይ እንደሚያንጠለጥል፣ ባለቤቱ ካላነሣውም ማንም እንደማይነካው ታውቃለህ። የግምጃ ቤቱን ሰው ብረት መቁረጫ ጠየቀው። «ለጥገና ሄዷል» አለ፤ ክርኑን ያስደገፈው መቁረጫው ላይ ነበር። «መቼ ነው የሚመለሰው?» ቢለው፣ «ሲበርድ ሳይሆን አይቀርም» አለው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጅህ ሙቀቱን ለክታ መጭመቂያውን በገዛ እጇ ከፈተች። ቺንጋው ተነሣ፤ እስከ ዛሬ በብልሽት አልቆመም።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። አዲሱ ዘበኛ፣ «እማማ፣ መታወቂያ» ቢለኝ፣ «መታወቂያዬ ያ ዳገት ላይ የሚሄደው ነው» አልኩት። ከኋላው ያለው ነባሩ ዘበኛ እየሣቀ አስገባኝ። ቺንጋው ለሳምንታዊው ምርመራ ቆሞ ስለነበር ቁልፍ ተውሼ ሰቀልኩና ወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መጋጠሚያውን በመዳፌ ፈለግሁት። መዳፌ አላገኘውም። በጥፍሬ ነው ያገኘሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ሠርቼ አላውቅም፤ ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም።

አቶ ቶሎ ግን ጥገናው በተደረገ ማግሥት «ትእዛዝ በመጣስና ምርት በማስተጓጎል» ብሎ ከሰሳት። እስኪጣራ ከኃላፊነቷ ታግዳ መዝገብ ቤት ወረቀት ትደረድራለች። ኮሚቴው የፊታችን ወር በስድስተኛው ቀን ይቀመጣል፤ ወይ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ወይ ትሰናበታለች። የሰውዬው ዋና ማስረጃ ምን እንደሆነ አልጻፉልህም። የአንተ ፊርማ ነው። «በዚህ ፋብሪካ ቀድሞም በትኩሱ ይከፈት ነበር፤ ያኔ የተበጠሰውም በሠራተኛዋ የሥራ ጉድለት መሆኑን የምርት ኃላፊው ፈርመው አረጋግጠዋል» ይላል። አንተን የጠየቁህ ይህን እንድታጸናላቸው ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ላንሣው። አንተም አትወደው፣ እኔም አልወደው።

ያኔም መጭመቂያው መብረድ ገና ሲጀምር ነበር የመጣኸው። አንተ የምርት ኃላፊ፣ እኔ የቺንጋ ጥገና ፎርማን። እንደ ኃላፊ ብታዘኝ እምቢ እልህ ነበር፤ እምቢታ እንደማያንሰኝ ምስክሬ አንተ ነህ። አንተ ግን ራስ ቁርህን አውልቀህ ጠጋ አልክና፣ «እኔን ብለሽ፤ ዛሬን ብቻ» አልከኝ። የጥገና መመዝገቢያው ላይ የመክፈቻውን ሰዓት አንተ አሰፈርክ። ብሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። በአምስተኛው ቀን ተበጠሰ፤ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቁልቁል ተመለሰና ጠራጊው ሽማግሌ እግሩ ተሰበረ። እስኪሞት አነከሰ።

ስትጠየቅ «የሥራ ጉድለት» ብለህ ፈረምክ። እኔም ተጠየቅሁ። «መመዝገቢያው ይታይ» ማለት ይበቃኝ ነበር። «የምጨምረው የለኝም» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አንተ ታውቃለህ፤ ለሌላ አስረድቼ አላውቅም። አራት ዓመት ግምጃ ቤት ብሎን ስለይ ቆየሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ሁለት ቺንጋ ሲያልቅባቸው ራሳቸው መጥተው መለሱኝ። አንተ ግን ማዕድ ላይ ቀና ብለህ እኔን ማየት አቃተህ፤ ከፈረምክ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘህ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

ልወቅስህ አይደለም። የለመነኝ ሌላ ሰው ቢሆን አልከፍተውም ነበር፤ ስለዚህ የሽማግሌው እግር በእኔም አንገት ላይ ነው። ለልጅህ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልነገርኳትም። አባትሽ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር ብዬ ነው ያሳደግኋት፤ ደግሞም ነበርክ።

ነገር ግን እሷን የደበቋት መዝገብ ቤት ነው፤ ሰዎቹ ብልህ አይደሉም። ባለፈው ሰኞ የድሮውን ፋይል አግኝታ አንብባዋለች። የእኔን ጽሑፍ ታውቃለህ፤ በማስመሪያ የተቀጣ እጅ ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል መስመሩ ላይ ይቆማል። የመክፈቻው ሰዓት የተጻፈበት እጅ ግን ወደ ግራ ይዘማል። አንተ በየዓመቱ የምትልክላትን ካርድ ሁሉ በሣጥን አስቀምጣለች።

ቤት ገብታ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። «እማዬ፣ መጋጠሚያ በትኩሱ ከፍተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኳት።

«ብቻሽን?»

«መፍቻውን የያዘው የእኔ እጅ ነበር» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ኮሚቴው ፊት ያን ፋይል እንደማታነሣ ነገረችኝ። «በራሴ መጋጠሚያ ነው የምከራከረው፤ የሰው ስም አልጠራም» አለች። ከዚህ የሚመልሳት ምክር ከእኔ አፍ አያምርም። በእሷ ዕድሜ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበርና። ያን ጊዜ ኮርቼ ነበር። ከልጄ አፍ ስሰማው ግን ፈራሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ልመና አይደለም። ለኮሚቴው እውነቱን ጻፍ። ያኔ ማን እንዳዘዘ፣ መመዝገቢያው ላይ የማን እጅ እንዳለ፣ ቺንጋው ለምን እንደተበጠሰ። አንተ ዛሬ ከጡረታህ የሚያባርርህ የለም፤ እሷ ግን ገና ሃያ አራት ዓመት የምትሠራበት ሙያ አላት፣ የእኔ ዓይነት ዝምታ ተሸክማ እንድትሠራው አልፈልግም። ያንን ከመላክህ በፊት ደግሞ ለእሷ ለብቻዋ ጻፍላት። የምታውቀውን ነው የምትነግራት፤ ቢሆንም ከአንተ ትስማው።

ለእኔ ምንም አትጻፍ። ለእኔ የምትለውን ያን ቀን ራስ ቁርህን እጅህ ላይ ስታዞር ከፊትህ አንብቤዋለሁ። በማንበብ ደግሞ ተሳስቼ አላውቅም።

ብዕር ስታነሣ ፈጣሪ እጅህን ያጽናልህ። ዕድሜህን ያርዝምልህ፣ የልጅህን ወግ ማዕረግ አብረን ለማየት ያብቃን። ደህና ሁን።

የልጅህ እናት