በልምምድ ላይ ሳሉ በድንገት ስላጣናቸው መሣሪያ ሠሪያችን ስለ ጋሽ ባትሪ

የቴሌቪዥን ጣቢያችን የህዋ ተከታታይ ድራማ መሣሪያ ሠሪ፣ ሁላችንም «ጋሽ ባትሪ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ባልደረባችን፣ ትናንት ረፋድ ላይ በቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ በልምምድ ላይ እንዳሉ በድንገት ሕይወታቸው አልፏል። ይህን መግለጫ የምናወጣው ድንጋጤው ገና ሳይለቀን ነው። ጠዋት የበር ጥበቃዎቹን እያሳቁ የገቡ ሰው ከሰዓት በኋላ በዚያው በር አስከሬናቸው ሲወጣ ማየት ለማመን የሚከብድ ሆኖብናል።

ጋሽ ባትሪ ጣቢያውን የተቀላቀሉት በሬዲዮ ጥገና ሠራተኛነት ነበር። ድራማው ሲጀመር ከካርቶን የተሠሩ የእጅ መሣሪያዎች ቀርበውላቸው «ባትሪው የት ነው?» ብለው በመጠየቃቸው ቅጽል ስሙ ወጣላቸው። ያን ጊዜ ስቀን ነበር። እርሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ተዋናይ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቀውን ዕቃ ሲይዝ ተመልካች ወዲያው ይነቃበታል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው።

በመጀመሪያው የሥርጭት ዓመት ተዋንያኑ ከህዋ መርከቧ ጋር የሚገናኙበትን መነጋገሪያ ሠሩ። ክዳኑ የሚከፈተው ለማማር ሳይሆን አንቴናው እዚያ ውስጥ ስላለ ነው አሉ። መልእክትም ህዋ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል በማለት ተዋንያኑ መልሱን አንድ ትንፋሽ ያህል እንዲጠብቁ አደረጉ።

በሁለተኛው ዓመት የጨረር ሽጉጡን ተረከቡ። ይህን ያህል ኃይል ከአንዲት እጀታ ከወጣ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚጠብሰው ተኳሹን ነው ብለው ከጸሐፊዎቹ ጋር ተሟገቱ። ከዚያ ወዲህ ጀግናችን ጓንት ያጠልቃል፤ ጥቂት ከተኮሰ በኋላም መሣሪያው እስኪቀዘቅዝ ይሸሸጋል። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ አኩርፈው የነበረ ቢሆንም፣ ምርጥ ትዕይንቶቻቸውን ያገኙት ከዚያ መሸሸግ እንደሆነ ኋላ ራሳቸው መስክረዋል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት በሽታ መርማሪውን መሣሪያ ነበር። ሰውነት ሳይነካ በሽታ የሚያውቅ ዕቃ ቢኖር ሙቀት መለካት፣ የትንፋሽን ሽታ መለየት፣ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮም ከልብና ከሳንባ ነጥሮ የሚመለሰውን መቀበል አለበት ይሉ ነበር። ስለዚህ ከደረት ትንሽ ከፍ ብሎ በዝግታ መሄድ ነበረበት። ይህን አያያዝ ለማስተማር በየልምምዱ ወለሉ ላይ እየወደቁ በሽተኛ የሚሆኑት ራሳቸው ነበሩ። አወዳደቃቸው ስለሚያስቅ ማጨብጨብ የቤቱ ልማድ ሆኖ ቆይቷል።

ትናንትም ወደቁ። አጨበጨብን። የመርከቧን ሐኪም የምትጫወተው ወጣት ተዋናይት ተንበርክካ መርማሪውን እንደተማረችው በዝግታ አሳለፈችባቸው፤ በአውራ ጣት የምትበራው አረንጓዴ መብራትም በራች። እጃቸውን ስትነካ ግን «ኧረ የእውነት ነው! ጋሼ! ሰው ጥሩ!» ብላ ጮኸች። የሕክምና ባለሙያዎች ፈጥነው ቢደርሱም ሊያተርፏቸው አልቻሉም። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር በድንገት በመፈንዳቱ ማንም ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር እንዳልነበረ የመረመሯቸው ሐኪም አረጋግጠውልናል።

ይህን በዝርዝር መግለጽ ያስፈለገን «አሻንጉሊት ይዛ ስታክመው ሞተ» የሚል ወሬ እየተናፈሰ በመሆኑ ነው። ወሬው ተዋናይቷን በሯን ዘግታ እንድትቀመጥ አድርጓታል፤ ስልክም አታነሳም። ያጨበጨብነው ሁላችንም ነን። ወቀሳ ካለ ለጣቢያው ይሁን፤ እርሷ ላይ የሚጣል ነገር የለም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩና ከቴሌቪዥኑ መስኮት ወዲያ ሆነው ሥራቸውን ለወደዱ ተመልካቾች ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን። ሥርዓተ ቀብራቸው ነገ ከቀትር በኋላ ይፈጸማል። የመጀመሪያ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ለጣቢያችን በላኩት መልእክት «አባዬ ብቻውን አልሞተም፤ እስኪወስዱት ድረስ እጁን አልለቀቀችም አሉኝ። ልጅቷ ትምጣ፤ ከእኛ ጋር ታልቅስ» ብለዋል። በቤተሰቡ ረድፍ፣ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ይዘውላታል።