ድፈኑ ብዬ፣ ቆፍሩ ብዬ

ሚዛን ተፈሪ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 3 ቀን 1991 ዓ.ም.፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ ገባሁ። የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ከጤና ጣቢያ የተላክሁት እኔ ነኝ። የጠላት አውሮፕላን ቢመጣ መደበቂያ እንዲሆን በየግቢው ጉድጓድ ይቆፈር ተባለ። መመሪያውን እንዳነብ አደረጉኝ። ጥልቀቱ እስከ ደረት፣ ስፋቱ ለቤተሰቡ የሚበቃ። ጦርነቱ ያለው በሰሜን ዳር፣ እኛ ያለነው በደቡብ ምዕራብ ዳር። አውሮፕላኑ እዚህ ቢደርስ እንኳ ይህን ደመና ጥሶ ሚዛንን ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

ደብተሬ፣ ያንገበገበኝ ግን እሱ አይደለም። አምና በዚሁ አዳራሽ፣ በዚሁ ድምፅ ማጉያ፣ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ሁሉ ይደፈን፣ የወባ ትንኝ ይራባበታል ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ጎረቤቴ ማርታ እጇን አወጣች። «ሲስተር፣ አምና ድፈኑ አልሽን፣ ደፈንን። ዘንድሮ ቆፍሩ አልሽን። የትኛዋን ሲስተር እንስማ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ደበደበ። እኔ ወረቀቱን አጣጠፍኩ። 

ዓርብ፣ ግንቦት 6

ቤት ለቤት ቁጥጥር። ሰዉ ቆፍሯል፤ እንዴት እንደቆፈረ ግን እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ያሳየኝ የቡና ችግኝ ጉድጓድ ነው፤ ዶሮ እንኳ አይደብቅም። ማርታ በጥልቀት ቆፍራ ሙዝ ተክላበታለች። አውሮፕላን ሲመጣ ሙዙ ሥር እንገባለን አለችኝ፣ ፊቷን ሳትፈታ። «ተቆፍሯል» ብዬ ምልክት አደረግሁ።

ሊቀመንበሩ ግቢ ጉድጓድ የለም። ጠየቅሁት። እሱ በአደጋ ጊዜ ሕዝብ ያስተባብራል እንጂ አይደበቅም። መልሱ ይህ ነው!

ከምር የቆፈረ አንድ ሰው አለ። አባባ። ከመንገድ ሥራ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዶማ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ሲባጎ ወጥሮ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ መውረጃ ደረጃ ሳይቀር አበጅቶለታል። ወገብህን ያምሃል፣ ተው አልኩት። ወንድሜ ዳንኤል ግንባር ላይ ምሽግ እየቆፈረ እሱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማይችል ነገረኝ። ከጥምቀት ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። ጥልቀቱን የለካው በዳንኤል ቁመት ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። የአባባ ጉድጓድ ወገብ ድረስ ሞልቷል። በብርጭቆ ቀድቼ አየሁት፤ የትንኝ እጭ ይርመሰመስበታል። ጉድጓዱ ያለው ከመኝታው መስኮት ሥር ነው።

እንድፈነው አልኩት። ያነበብሽው አንቺ አይደለሽም ወይ አለኝ።  የት/ቤቱም ጉድጓድ ሞልቷል፤ ልጆች ጀልባ ያንሳፍፉበታል። ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄድኩ። ከበላይ መመሪያ እስኪመጣ አይነካም አለኝ። ወባዋ መመሪያ ትጠብቅ ይሆን?

ሰኞ፣ ግንቦት 23፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

 እኩለ ቀን ላይ አውሮፕላን መጣ። ደመናው ውስጥ ሲያጓራ ሰፈሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሊያይ! ሕፃናት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ማርታ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታንጋጥጣለች። አንድም ሰው ጉድጓድ አልገባም።

አባባ ብቻ ገባ። ውኃው ወገቡ ድረስ። ከዚያ ሆኖ ነይ ግቢ፣ ነይ ግቢ እያለ ይጠራኛል። ጎረቤቶች በአጥሩ አሻግረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደብተሬ፣ እኔም ሳቅሁ።

አውሮፕላኑ የኛው ነው። የጉድጓዶቹን ዝግጅት የሚጎበኙ ኃላፊዎች ይዞ ነው የመጣው። በዝናቡ ምክንያት ከአዳራሽ አልወጡም። ሪፖርት ተነበበላቸው፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

አባባ ከትናንት ጀምሮ ይንዘፈዘፋል። የደም ምርመራ፦ ወባ፣ ክፉው ዓይነት። ጤ/ጣቢያው በሰፈራችን ሰው ተጣቧል። የማርታ ልጅም ተኝታለች። መድኃኒት ስሰጣቸው ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። አንዳቸውም አልወቀሱኝም። ምናለ ቢሰድቡኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ብሏል። ሌሊቱን በቅዠት ከዳንኤል ጋር ሲያወራ ነው ያደረው። የማርታም ልጅ ቀና ብላለች።

ማርታ አጥሚት ይዛ መጣች። በሌላ እጇ አካፋ። የአባባን ጉድጓድ አፈር መመለስ ጀመርን። ጥቂት እንደሠራን አባባ ግድግዳ ተደግፎ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት።  አልተቆጣም። ዳንኤል ሲመጣ የት ይግባ? ይህን ብቻ ጠየቀኝ። ማርታ ፊቷን አዞረች። አካፋው ከእጄ ወደቀ።

ወደ አልጋው መልሼ አስተኛሁት። ጠረጴዛዬ ላይ የቀበሌው ቅጽ አለ፤ ጉድጓዶቹ ሁሉ «ዝግጁ» ናቸው ብዬ እንድፈርም። አልፈርምም።

ነገ እሑድ ነው። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ከጸሎት ቤትም ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ድፈኑ እላለሁ። አምና ያልኳችሁ ልክ ነበር፣ ዘንድሮ ያነበብኩላችሁን እኔም አላመንኩበትም፣ ፈርቼ ነው እላለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ከዚያ አካፋዬን ይዤ ወደ ት/ቤቱ።

የአባባን ግን አልደፍንም። ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ፣ የሚገባውን ውኃ ጠዋትና ማታ በባልዲ እቀዳለሁ፤ ዳንኤል እስኪጽፍ ድረስ። ሞኝነት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዝናቡ ጀመረ። ባልዲው የት ነበር?