የሥራ ፈቶቹ ወንበር

ውድ ቀለሜ፣

ስደውልልሽ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትይኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ደብዳቤ ስብሰባ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ብቻ መንገድ ላይ ቆመሽ አታንብቢው። ቤትሽ ግቢና ጫማሽን አውልቂ።

እኔ ደህና ነኝ። መጋዙም መላጊያውም የሚያፈሰው ጣራም ደህና ናቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዛሬም በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሥራ ፈቶች፣ እንዴት አደራችሁ?» ይለኛል። ብቻዬን መሆኔን እያወቀ ነው እንግዲህ። እኔም አላረምኩትም።

ያንን ስም ያመጣነው ራሳችን ነን። ሱቁን ስንከፍት በሩ ላይ «ሥራ ፈጣሪዎቹ» ብለሽ ልትጽፊ መሰላል ላይ ወጣሽ። አንቺ ደግሞ ብሩሽ ስትይዢ ስስት አታውቂም፤ ፊደሎቹን በር አሳክለሽ ጻፍሻቸውና «ፈ» ላይ ስትደርሺ ሳንቃው አለቀ። «ነገ ሌላ ሳንቃ እንቀጥልበታለን» ብለን ወደየቤታችን ሄድን። ጠዋት ስንመጣ ልብስ ሰፊው እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቀን።

«‹ት› ረስታችሁ ነው አይደል? በጠመኔ ጨምሬላችኋለሁ» አለን፣ እንደ ባለውለታ።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እስከ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈቶቹ ይለን ጀመር፤ ሳንቃውን ብንቀጥልም ስሙ አልለቀቀንም።

አንቺን ግን ውሎ አድሮ ቃሉ ቆረቆረሽ። የሒሳብ ሥራሽን ትተሽ የልጆች ወንበር መቀባት ስትጀምሪ እናትሽ «ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ምን ልበል?» ብለው ያለቀሱ ዕለት ቀልድነቱ ቀረ። ገበያውም አላገዘንም። በክረምት ሰው ስለ ጣራው ያስባል እንጂ የልጅ ወንበር ማን ይገዛል? አንድ ሰኞ ብሩሾችሽን አጥበሽ በቆርቆሮው ውስጥ ደረደርሽና «ደመወዝ ያለው ሥራ አገኘሁ» አልሽኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኩሽ። እኔን ግን ደስ አላለኝም፤ እንጨት ስልግ ዋልኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባው የቤት ዕቃ ነጋዴ ባለፈው ወር መጣ። ዓመት ሙሉ የሚያሠራኝ ትእዛዝ ይዟል። ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ግራጫ።

«ትንሽ ቀለም ቢገባባቸውስ?» አልኩት።

«እህቴ፣ ሰው የሚቀመጠው ቀለም ላይ አይደለም» አለኝ።

ነገሩስ እውነት ነው። ለናሙና አንድ ግራጫ ወንበር ሠራሁና ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አየሁት። ሁለተኛውን ልጀምር ብል እጄ አልነሳ አለኝ። ደክሞኝ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ለማየት ምንም አልጓጓሁም። እኔና አንቺ እኮ የአንዱ ቀለም ሳይደርቅ ነበር ስለሌላው የምንጣላው! እምቢ አልኩት። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፤ አንቺ ደግሞ ሥራ አግኝተሽ ትቀጃለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነትም አብጄ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ።

ከዚያ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ መጣች። «ልጆቹ ገና ፊደል አይለዩም፤ ስማቸውን ወንበር ላይ ብጽፈው ዋጋ የለውም። በየጠዋቱ በወንበር ይደባደቡብኛል። እያንዳንዱ ‹ይሄ የኔ ነው› የሚለው ወንበር ሥሪልኝ። አንዱ ካንዱ እንዳይመሳሰል» አለችኝ። ጉንጯን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ትምህርት ሲከፈት ማስረከብ አለብኝ። ካልቻልኩ ሱቁን ዘግቼ ነጋዴው ዘንድ ተቀጥሬ ግራጫ ወንበር መሥራቴ ነው። የእንጨቱ ሥራ አልቋል፤ ወንበሮቹ ራቁታቸውን ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ያቃተኝ ቀለሙ ነው። ሰማያዊና ቢጫ ስደባልቅ ጭቃ ይወጣኛል። ጥንቸል ስዬ ነበር፤ ልብስ ሰፊው አይቶ «አህያዋስ ታምራለች» አለኝ።

«ቀለሜ ተደላድላለች፣ አልረብሻት» ብዬ ይህን ሁሉ ላልነግርሽ ወስኜ ነበር። ትናንት ግን እናትሽ መጡ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡና ወንበሮቹን እየዳሰሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሷ የቀባችው አልቀረም?» አሉኝ።

ልሸጣት ያልቻልኩትን፣ ብርቱካናማ ዶሮ ያለባትን ወንበር አወረድኩላቸው። እንደ ምንም ብለው ተቀመጡባት። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሷል፤ እንዳልስቅ ግን ያለቅሳሉ።

«እኔ ነኝ መሥሪያ ቤት ካልገባሽ ብዬ ያስጨነቅኋት» አሉ። «ማታ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ደመወዟ ቤት ይገባል። እሷ ግን ገና አልገባችም።»

እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም፤ ክረምቱን አብረን አይተነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነይ። ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቁን ለኔ ተይው፣ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቀቢ። ናፍቀሽኛል፤ ይህንንም በስልክ ማለት አቅቶኝ ነው።

እናትሽ ሲወጡ ወንበሯን ልሸክምላቸው ብል እምቢ አሉ።

«እዚሁ ትቆይ» አሉኝ። «ራሷ ታምጣልኝ።»

ቅዳሜ በጠዋት እከፍታለሁ።

አናጢዋ ጓደኛሽ