የገመድ አልጋህ አልወረደም

ደምስዬ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሰባተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። የዚህ ሰፈር ሰው ያንን ጥያቄ በሰዓቱ ሳይጠይቅህ ቀርቶ አሁን እኔ ብጠይቅህ ምን ይረባሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሌላው እንደ ነበረ ነው።

ቤቱም አለ። የኒም ዛፉ ግን የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ከአጥራችን ግማሽ ጋር ተያይዞ ሄደ። ማንጎው ተርፏል። በሁለቱ መካከል የወጠርከው የገመድ አልጋህ በአንድ ጫፉ ብቻ ማንጎው ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ማየት አላስቻለኝም፤ በያጅ አስጠርቼ በኒሙ ምትክ ወፍራም የብረት ቧንቧ በሲሚንቶ አስተከልኩ። ልጁ "እትዬ፣ ለዲሽ ነው?" አለኝ። ለመተኛ ነው ስለው መሣሪያውን አስቀምጦ ፊቴን ደህና አድርጎ አየኝ። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ "እግዜር ይማርዎት" አለኝ።

ከተማችን አድጋለች ይሉሃል። ጋሪው ቀርቶ ባጃጅ ገብቷል። ሙቀቱ ያው ነው፤ በእሱ ላይ እስካሁን ዕቅድ አልወጣም። ጎረቤቱ አምስት አምስት ሆኖ ተደራጅቷል። በየሳምንቱ እየተሰበሰብን የማን መጸዳጃ ቤት ክዳን እንዳለው፣ የማን እንደሌለው እንገማገማለን። አንተም ያን ጊዜ መጸዳጃ ቤት ብትሆን ኖሮ አንድ ሰው ገልጦ ያይህ ነበር።

አልጋውን ከአሰብ መንገድ ይዘኸው የመጣህ ቀን ትዝ ይለኛል። ያን ሁሉ ዘመን በቀትር የአፋር ፀሐይ መኪናህን ዳር ታስይዝና ከተሳቢው ሥር አስረኸው ትተኛበት ነበር። ናይሎን ገመዱን ራስህ የጎነጎንከው፣ ራስጌው ላይ የጭነት ሸራ ቁራጭ የሰፋህበት ነው። ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ ሲዘጋ ባለመኪናው አመስግኖ አሰናበተህ። ይዘህ የገባኸው እሱንና የወገብ ሕመምህን ነው። በማንጎውና በኒሙ መካከል አጥብቀህ አሰርከውና "ከእንግዲህ መሥሪያ ቤቴ ይኼ ነው" አልከኝ።

እኔ የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገኝ ሴት፣ ለማስተማር ተመድቤ እዚህ ከወረድኩ ጀምሮ ከሙቀቱ ጋር አልታረቅሁም ነበር። ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው በላብ ተጣብቆ ይነሳል፤ ገመዱ ላይ ግን ነፋሱ ከሥርም ያገኝሃል። መጀመሪያ የተኛሁበት ቀን ወገቤ ታጥፎ ስጨነቅ ሳቅህብኝ። "ቀጥ ብለሽ ከተኛሽ እንደ ሙዝ ትጎብጫለሽ፤ ሰያፍ ተኚ፣ ጀርባሽ ይዘረጋል" አልከኝ። እኔ ስለ ኑሮ ጥበብ የተጻፈ መጽሐፍ ብዙ አንብቤያለሁ። እንደዚያች ምክር የጠቀመኝ የለም።

ይህ ሰፈር ግን ቀን የተኛ ጤነኛ አይቶ አያውቅም። ማታ ማታ ሁሉም አልጋውን አውጥቶ ደጅ ያድራል፤ ቀን ጥላ ሥር የሚዘረጋው የታመመ ሰው ብቻ ነው። ያን ያየ ጎረቤት ደግሞ ጥሪ አይጠብቅም። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ዘሃራ ከአጥሩ ማዶ አይተውህ ብርቱካን በፌስታል ይዘው "አላህ አፊያ ያድርግህ ልጄ" እያሉ ገቡ። ወዲያው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተሰማ በርጩማ ስበው ከራስጌህ ተቀመጡና "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉህ። ምንም አልሆንኩ፣ ጋደም ብዬ ነው ስትላቸው "የጠናበት ሰው እንዲህ ነው የሚለው" ተባባሉ። እንግዳ ስታስተናግድ ውለህ፣ ማታ ከአሰብ የተመለስክ ያህል ደክመህ ነበር።

በስንት ቀልድ አስለመድካቸው! ቀስ በቀስ በአጥሩ የሚያልፈው ሁሉ መግባቱን ትቶ መጮህ ጀመረ።

"ሹፌሩ! ዛሬ የት ደረስክ?"

"ባቲን አለፍኩ!" ትላለህ ዓይንህን ሳትገልጥ። ሌላ ቀን "ሚሌ ላይ ጎማ እየቀየርኩ ነው!" ትላለህ። "እንግዲያው ስትመለስ ጨው እንዳትረሳ!" ብለው እየሳቁ ያልፋሉ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። በዚህች ከተማ ሰው ሳይሰደብ ቀን የሚተኛበትን መብት ያስከበርክ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። እኛ መምህራን ትምህርታችሁን አሻሽሉ ተብለን ደጋ ወጥተን ነበር። ያንን ጊዜ የማውቀው ከሰው አፍ ነው። ወባው ሲያንቀጠቅጥህ ከቤቱ ሙቀት ሸሽተህ አልጋህ ላይ ወጣህ። ጎረቤቱ በአጥሩ አለፈ። "ዛሬ የት ደረስክ?" አለህ። እጅህን ብቻ አነሳህ። "በቃ አሰብ ገብቷል፣ አይሰማም" ብለው ሳቁ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል አለፈ፣ ሁሉም ጠየቀህ፣ ሁሉም ሳቀ። እትዬ ዘሃራ ወንፊታችንን ሊመልሱ ገብተው ግንባርህን እስኪነኩት ድረስ አንተ አሰብ ነበርክ። ጎረቤቶቹ ከማንጎውና ከኒሙ ፈትተው፣ ያንኑ አልጋህን እንደ ቃሬዛ ይዘው ሐኪም ቤት አደረሱህ። ለመሸከም በጣም ምቹ ነው ብለውኛል።

እኔ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርጄ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ሊያጽናኑኝ የተቀመጡት ሁሉ አንድ ወሬ እንደ ስጦታ ይዘው መጡ። "ለእኔ እኮ እጁን አነሳልኝ" ይላል አንዱ። "እኔንም ቀና ብሎ አየኝ" ይላል ሌላው። ሳላየው አመለጠኝ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም አይቶሃል። ስለ ለቅሶው ግን ልዋሽህ አልችልም፤ ሰዉ ከልቡ አለቀሰ፣ ንፍሮውም አላነሰም።

ከአርባህ በኋላ ጋሽ ተሰማ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። "ይሄ ነገር ይውረድ ልጄ፤ በዚህ ስናልፍ ዓይናችንን የምናሳርፍበት እናጣለን" አሉኝ። እሱ ላይ አሳርፉት አልኳቸው። መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ ኒሙ መቆረጡን አይተው "እንግዲህ እግዜሩም ፈርዷል" አሉ። በማግስቱ ነው በያጁን ያስጠራሁት።

አሁን እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ እተኛበታለሁ። ሰያፍ። ያን ጥያቄ ደፍሮ የሚጮህ ሰው የለም። የአላፊው እርምጃ አጥሩ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ሹክሹክታ እሰማለሁ፤ ከዚያ በሩ ይንኳኳል። ደህና ነኝ እላቸዋለሁ። አያምኑኝም። ብርቱካን ይመጣል፣ በርጩማ ይሳባል። ባለፈው ጋሽ ተሰማ በምርኩዛቸው መሬቱን እየመቱ "ሰው እኮ እያሳቀቅሽ ነው! ወይ ታመሚ፣ ወይ ተነሺ!" ብለው ተቆጡኝ። ለሁለቱም አልቸኩልም አልኳቸው።

ክፉ ሆነች ይሉኛል አሉ። ይበሉ። አንተን በጸሎትም በሻማም የሚያስታውስ አይጠፋም፤ እኔ የማስታውስህ እንዲህ ነው። ገመዱ ሲያልቅ ሌላ እጎነጉናለሁ፤ አጎነጓጎንህን አልረሳሁትም። እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ ከዚህ ማንጎ ሥር የተኛን ሰው እየሳቀ የሚያልፍ አይኖርም።

እትዬ ዘሃራ አርጅተዋል፤ ከበሩ እስከ ማንጎው ለመድረስ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ኮቴያቸውን አውቀዋለሁ። ቢጠሩኝም አልመልስም። እጃቸው ግንባሬ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዓይኔን አልገልጥም።

ባለቤትህ