አያቴ መስሎኝ ስለሰገድሁለት ድንጋይ፣ ለከተማችን ቅርስ ጠባቂ

ለክቡር የቅርስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ፣ ጥርስዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደህና ነኝ፣ ፊደል ግን አልቆጠርሁም። ይህን የሚጽፍልኝ ጡረተኛው ፖስተኛ ሚያው ነው፤ ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስምዬዋለሁ።

አንደኛ፣ አያቶቻችን ከሁቤይ ክፍለ ሀገር ተሰደው ሲቹዋን ሲገቡ የሠሩትን የአገር ልጆች አዳራሽ ስላደሳችሁ አመሰግናለሁ። ስድሳ ዓመት የጠረግሁትን ግቢ እንደ እንግዳ እንድጎበኘው ስለፈቀዳችሁልኝም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ባለሙያችሁ ወይዘሪት ሩዋን ስላስተማረችኝ አመሰግናለሁ። ከአዳራሹ የትያትር መድረክ ጀርባ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አለ። አባቴ በልጅነቴ «ይሄ የእኛ ነው» ብሎ አሳይቶኝ ነበርና፣ መጀመሪያ የመጣው አያታችን ስም መስሎኝ በየዓመቱ በሙታን መታሰቢያ ቀን አጥቤው፣ አረቄ አፍስሼለት፣ ሦስት ጊዜ ሰግጄለት ኖርሁ። ምራቶቼንም አሰግጃለሁ። ወይዘሪት ሩዋን ሰው በተሰበሰበበት ጎንበስ ብላ አነበበችውና፣ «አባባ ኩዋንግ፣ ‹እዚህ እጅ መፍታት ክልክል ነው› ነው እኮ የሚለው!» አለችኝ።

እጅ መፍታት በእኛ ዘንድ መሽናት ነው። አያቶቻችን በመንግሥት ትእዛዝ እጃቸው በአንድ ገመድ ታስሮ ወደ ሲቹዋን ሲነዱ፣ ሽንቱ የመጣበት ወታደሩን «ጌታዬ፣ እጄን ፍታልኝ» ይል ነበር ይባላል። ገመዱ ሲቀር ቃሉ ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት መቀመጥ አልቻልሁም። የማጆንግ ቁማር ተጫዋቾቹ «የጌታ ክልክል የልጅ ልጅ መጡ፣ ተነሡላቸው!» ይላሉ። ሚስቴም፣ «ለእናቴ መቃብር አንድ ሲኒ የነፈግህ ሰውዬ፣ ለሽንት ማስታወቂያ ስንት ጠርሙስ አጠጣህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ስሞኝ አንጀት በሚያርስ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ግን ይታገሡኝ። ድንጋዩ ለእንግዳ ዓይን ያስጠላልና ሐሙስ ተነቅሎ በቦታው እብነ በረድ ይገባል ብላችኋል። ለአዳራሹ ገንዘብ ያዋጡት ነጋዴዎች ስም በወርቅ ቀለም ከበሩ በላይ ተጽፏል። የአዳራሹን ድንጋይ ከወንዙ በትከሻቸው ያወጡት ተሸካሚዎች፣ የእኔ አያቶች፣ ስማቸው የትም የለም። ይሁንና ክልክል ነው ተብሎ የሚቀረጸው የሚሸና ሰው ስላለ ነው፤ ከመድረክ ጀርባ የሚሸናውም ባለ ሐሩ ነጋዴ አልነበረም። አያቴ እዚያ ነበረ ማለት ነው። አባቴ አልዋሸኝም። ስለዚህ ድንጋዬን ተዉልኝ፤ እብነ በረዱን ለቢሮዎ ደጃፍ ያድርጉት።

ለምን እንደምሰግድ ሳላውቅ መስገድ የለመድሁ፣ ለእርስዎም እስከ ወገቤ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ እስከ መሬት የምሰግድልዎ፣
ኩዋንግ ዴፋ፣ የቀድሞው ግቢ ጠራጊ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ተጨማሪ፦ ባለፈው ማክሰኞ ዋና መሐንዲስዎ፣ ባለ መነጽሩ፣ ባለ ሁለት ብዕሩ፣ ግራ ቀኝ አይተው ድንጋዩ ሥር ሲሸኑ አየኋቸው። ማንበብ የማልችለው እኔ በስድሳ ዓመት አንድም ቀን አልሸናሁበትም። ድንጋዩ ገና ሥራ ላይ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ያለ ጊዜው ጡረታ አያውጡት።